የፈረሱ ዓይን

ከሰል ነው ጭነቱ፣ አባቴ ነው ሾፌር፣
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው ከጎኑ ስሰፍር።
ከካራ-ኬቼ ጉድጓድ እስከ ኮችኮር ገበያ
ካማዙ ያቃስታል እንደ ጭነት አህያ።
መስኮቱ አይዘጋም፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣
መጽሐፌ በነፋሱ ብድግ ቁጭ ይላል።
ባውራ ጣቴ ይዤ ስጀምር አንድ አንቀጽ
ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ያዘልለኛል ገጽ።

መጽሐፉ የመርከብ ነው። ባሕር አላውቅም እኔ፣
ሐይቅ እንኳ ያየሁት አንዴ ነው በዘመኔ፤
ያ ካፒቴን ግን፣ ጢሙን ጨው የጋገረው፣
ካባቴ ጎን ተቀምጦ መሪ የሚያዞር ነው።
መጨረሻው የለም። ዐሥራ አራት ቅጠል
የቀድሞ ባለቤቱ ትምባሆ ሲጠቀልል
አጭሶታል አሉ።
መርከቡ ማዕበል ላይ፣ ካፒቴኑ አፉን ከፍቶ
«አሁን—» ብሎ ቀረ፣ ቀሪው ጢስ ሆኖ ጠፍቶ።

አውቶቡስ የማይቆምበት አውቶቡስ መጠበቂያ
አለ ከመንገዱ ዳር፣ የበግ የሰካራም መጠለያ።
በጀርባው ግድግዳ፣ በሸክላ ስብርባሪ፣
ፈረስ አለ፤ ቀይ ፈረስ፣ አየር ላይ በራሪ።
ማን እንደ ሠራው እንጃ፤ ስም የለ፣ ፊርማ የለ።
በጎኑ ነው የቆመ፤ ያለችው ዓይን አንዲት፣
እሷንም ውርጭ ፈልቅቆ ጥሏታል ከመሬት።

አባቴ ሁልጊዜ እዚያ ሞተር ያበርዳል።
እንደ ፈረስ ገዢ ነው፤ እግሩን ይመዝናል፣
ወገቡን ያደንቃል፣
ዓይኑ ጋ ሲደርስ ግን አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን በጥቅምት፣ ኪሱን ዳበስ አድርጎ
አወጣ አንድ ስባሪ፣ ከናቴ ቁጣ ሸሽጎ።
ሰማያዊ ነው። የሻይ ጽዋ ነበር እስከ ማክሰኞ፤
የሰበርኩት እኔ፣ የተቆጣች እናቴ፣
የለቀመው አባቴ።
ሲሚንቶ በቆርቆሮ፣ ውኃ ከራዲያተር፣
በከሰላም ጣቱ ሲለስን ሲለካ ነበር።
ወደ ኋላ ራቀ። እኔም ራቅሁ አብሬ።
ፈረሱ አየን። እውነት ነው። ያየኛል እስከ ዛሬ።

«ማን ፈቀደልህ?» አልሁት፤ «ቢመጣስ የሠራው?»
እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ቢመጣማ ደግ ነው፣
ሻይ እጋብዘዋለሁ። እስኪመጣ ግን፣ ቡሩልሻ፣
ፈረሱ ታውሮ ስንት ክረምት ይጠብቀው?»

በዚያው ሌሊት፣ ካማዙ ውስጥ፣ በከሰል ደረሰኝ ጀርባ
«አሁን—» ካለበት ላይ ካፒቴኑን ቀጠልሁት።
ማዕበል አላውቅም፤ የዶሎንን ነፋስ ሰጠሁት።
ጨው አላውቅም፤ በረዶ አለበስሁት።
መርከቡ ሲሰበርም ቀይ ፈረስ ላክሁለት፣
ከውኃው ሥር የወጣ፣ ዓይኑ ጽዋ የሆነ።
አባቴ ሁለት ጊዜ እርሳሴን ቀረጸልኝ፣
ምን እንደምጽፍ ግን
አልጠየቀኝም።

ብዙ ክረምት አልፎ፣ ቢሽኬክ፣ ኦሽ ባዛር፣
ካሮጌ ጫማና ከቁልፍ ክምር ዳር
ያንኑ መጽሐፍ አገኘሁት፣ ሙሉውን፣ እስከ ልጥፉ።
ቆሜ ጨረስኩት።
ካፒቴኑ አገባ። ርስት ወረሰ። ወፈረ።
መልሼ አስቀመጥሁት። «አልወደድሽውም?» አለ ሻጩ።
«መጨረሻው ተቀዷል» አልሁት።

ባለፈው ሚያዝያ በዚያ መንገድ መጣሁ፣
መሪው በኔ እጅ ነው፤ ያባቴ ጉልበት ካማዝ መውጣት ካቆመ ሰነበተ።
ቆምሁ። ፈረሱ አለ።
የናቴ ጽዋ ግን ወድቃለች። በቦታዋ
የጠርሙስ ቂጥ ተለስኗል፣ አረንጓዴ፣
ሲሚንቶው ገና ነጭ፣
ጠርዙ ላይ የማላውቀው ሰው ያውራ ጣት አሻራ።

ደወልሁለት።
«አረንጓዴ?» አለ አባቴ።
ዝም አለ፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፣ ዳገት እንደ ጨረሰ ሞተር።
ከዚያ፣ «ይሁን» አለ፣ «በአረንጓዴም ይታያል።
ቀጥ ብሎ ነው የተለሰነው?»